በደረቅ ጉሮሮ

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጭንቅላት በእጄ ይዤ ስላወራሁ፣ የማወራው ሁሉ እውነት ይመስለኛል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ደግሞ አይከራከርም። ስለ ኳስ፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የማልመክረው የለም። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ስትለኝ ስቄ አልፋታለሁ። አሁን ግን ስለ አንድ ደንበኛዬ ልጽፍ ስለተቀመጥኩ ሳቁ እንደ ልብ አይመጣልኝም።

የሰፈሩ ሰው ሰማይ ቤት ይለዋል። የክሬን ሠራተኛ ነው። ከጅምር ሕንፃ በላይ ቆሞ ረጅም ክንዱን እያዞረ ብረትና ሲሚንቶ የሚያነሳውን ማማ ሁላችሁም አይታችሁታል። እዚያ አናት ላይ፣ አንድ ወንበር ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ሰው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መሰላሉን ይይዛል፤ አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት እርከን ነው። የሚወርደው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ምሳውን፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ በላስቲክ ቋጥሮ ይዞ ይወጣል። ውሃ ግን አይዝም።

ለምን እንደማይዝ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እላይ ሽንት ቤት የለም። ወርዶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ክሬን ግማሽ ሰዓት ቆመ ማለት ደግሞ መቶ ሰው እጁን አጣጥፎ ቆመ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ይወጣሉ። እሱ ሥራ በጀመረበት ዓመት ግን አንድ ባልደረባው በሩ ላይ ያቆመውን ጠርሙስ ነፋስ ገለበጠበትና ከታች የነበሩ አናጢዎች በጠራራ ፀሐይ ካፊያ መጣ ብለው ቀና አሉ። ነገሩ ሲገባቸው መዶሻቸውን ይዘው መሰላሉ ሥር ተሰለፉ። ሰውዬው እስከ ማታ አልወረደም። ሰማይ ቤት ይህን ካየ በኋላ ጠዋት አንዲት ጠብታ ላለመቅመስ ወሰነ። ሥራ ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ አንድ ጆግ ውሃ ታቀርብለት ነበር፤ ቆሞ ይጨልጠዋል። እሷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ማታም መጠጣቱን እየረሳው መጣ።

የእኔ ሱቅ ምድር ቤት ነው፤ የእሱ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ፤ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሦስተኛው ላይ። እሁድ እሁድ ፂሙን ሊላጭ ይመጣል። አንዳንዴ ሐሙስ ማታም ይመጣ ነበር፣ ፂሙ ገና ብቅ ሳይል። ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። "ምኑን ልላጭልህ?" ስለው "የተገኘውን" ይለኛል። የሰው እጅ እንዲነካው ብቻ እንደሚመጣ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ፊቱ ሳሙና እንደተቀባ ስልኩን ያነሳል። "ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ልጄ። አይ፣ ደህና ነኝ።" ሦስት ጊዜ ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋዋል። እኔም በሆዴ፣ ይሄ ሰው ደህና ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበቃው ነበር እላለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሳይሆን የተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሰው አልነበረም።

"የምርመራው ውጤት ወጣ" አለኝ።

የክሬን ሠራተኞች በየዓመቱ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ። ዓይን፣ ልብ፣ ደም፣ ሽንት ይታያል። ሐኪሟ ለከፍታ ሥራ ብቁ ነው ብላ ካልፈረመች መሰላሉን መርገጥ የለም።

"እና?"

"ኩላሊትህ እየደከመ ነው አለችኝ። ደም ግፊትም ጀማምሮኛል። ሦስት ወር ሰጥታኛለች፤ እስከዚያ ካልተሻለኝ አትፈርምም።"

"ምን አድርግ አለችህ ታዲያ?"

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "ቁጭ ብለህ ስለምትውል ጠዋት ጠዋት ስፖርት ሥራ ብላኛለች።"

በዚያን ቀን የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። እኔም፣ አፌ መች ያርፋል፣ "ባትፈርምስ ምናለበት? በሃምሳ አራት ዓመትህ መሰላል ላይ ምን ትሠራለህ? እታች ሥራ ይሰጡሃል" አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። የዚያን ቀን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"እላይ ብቻዬን የምሆነው ሥራው ስለሆነ ነው" አለኝ። "እታች ብቻዬን የምሆነው ግን ሰው ስለሌለኝ ነው። ካወረዱኝ ቀኑን ሙሉ ሰው መሐል ብቻዬን ልውል ነው። እሱን አልችለውም።"

"በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ አሠራሃለሁ፤ ትፈርማታለች" አልኩት። ያን ጊዜ ከልቤ ልረዳው ፈልጌ ነበር። የእኔ ችግር ልቤ ሆኖ አያውቅም፤ አፌ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ስፖርት የምንሠራ ስድስት ሰባት ሰዎች ነን። አሰልጣኙ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። በወጣትነቴ የሰፈር ቡድን ተከላካይ ነበርኩ፤ ያኔ አሰልጣኛችን በልምምድ ሰዓት ውሃ ሲጠጣ ያገኘውን ተጫዋች ማልያውን አስወልቆ ወደ ቤቱ ይሰድደው ነበር። "ውሃ ጠጥተህ ከሮጥክ ጎንህን ይወጋሃል፣ እግርህ ይከብዳል" ይለን ነበር። እኔ ይህን ሳላላምጥ ውጬ፣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ። የሜዳችን ደንብ በደረቅ ጉሮሮ መሮጥ ነበር። ሮጠን ስንጨርስም ላባችን እስኪደርቅ ውሃ ክልክል ነው።

ደንቡን የማትቀበለው ጫማ ሻጯ ብቻ ናት። ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ምላሷ ከእኔ የማያንስ ሴት። ሰማያዊ ጠርሙሷን አንጠልጥላ ትመጣለች። ሳንጀምር ትጎነጫለች፣ በየዙሩ ትጎነጫለች፣ ስንጨርስ የቀረውን ትጨልጣለች።

"አንቺ ለስፖርት ነው የመጣሽው ወይስ ለሽርሽር?" እላታለሁ።

"አንተ ጭንቅላት የምታስተካክለው ከላይ ከላዩን ነው፤ የውስጡን ለባለቤቱ ተውለት" ትለኛለች።

በማግስቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳክቼ ጠራሁት። ወደ ሜዳው ስንሄድ መንገዱ ገና ጭር ያለ ነበር፤ አንዲት ሴት የሱቋን ደጃፍ ትጠርጋለች፣ ሌላ ሰው የለም። ግማሽ መንገድ ላይ "ውሃስ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ውሃማ በጭራሽ!" አልኩት። "ኩላሊትህ ደክሟል አይደል የተባልከው? የኩላሊት ሥራው ምንድን ነው? ውሃ ማጣራት። የደከመ ሠራተኛ ምን ይደረግለታል? ሥራ ይቀነስለታል። አለቀ።"

ራሱን ነቀነቀ። እኔ በአባባሌ እጅግ ረክቼ፣ ለባለቤቴም ማታ ነገርኳት። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን ያፋጨኛል።

መሮጥ አይችልም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው እግሩ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ዙር ሮጦ ግማሽ ዙር ይራመዳል። እኔ አብሬው ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ለሰው ማሳየት እወዳለሁና። ከሜዳ በቀጥታ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ላቡ ሳይደርቅ መሰላሉን ይይዛል፤ ጠብ የሚል ነገር ሳይቀምስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እላይ ይቀመጣል። በፊት ቢያንስ ሳያልበው ነበር የሚወጣው። ይህን አስቤው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ስለ እሱ ቀን ምንም አስቤ አላውቅም፤ የማስበው ስለ እኔ ጠዋት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማውራት ጀመረ። እየሮጥን ነበር፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ "በቀን አራት ጊዜ ትወጣለህ" አለኝ።

"ከየት?"

"ከሱቅህ። ፎጣ ታራግፋለህ። ከዚያ ወገብህን ይዘህ መንገዱን ታያለህ። ባለፈው ማክሰኞ አምስት ጊዜ ወጣህ።"

ጫማ ሻጯ ከኋላችን ሳቀች። "ምን ጉድ ነው! እኛንም ታየናለህ?"

"የአንቺ ሱቅ በዛፉ ተሸፍኗል" አላት፤ የእውነት እንዳዘነ ሰው። "የእሱ ግን ይታያል።"

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ክሬን እዚያ ከቆመ አራት ዓመት ሆኖታል። አራት ዓመት ፎጣዬን ሳራግፍ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ከዚያን ቀን በኋላ ፎጣ ላራግፍ ስወጣ እጄን ወደ ላይ ማውለብለብ ጀመርኩ። መንገደኛው ይህ ሰውዬ አበደ እንዴ ብሎ ያየኛል። እሱ ማታ ሲመጣ "አየሁህ" ይለኛል።

አንድ ጠዋት ሦስተኛውን ዙር ጨርሰን ቆመን ሳለ ጫማ ሻጯ ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። "አንተ፣ ደርቀሃል እኮ። እንካ ተጎንጭ" ብላ ጠርሙሷን ዘረጋችለት።

እጁ ወጣ። ጠርሙሱ ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ወደ እኔ አየ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ቅንድቤን ብቻ ነው ያነሳሁት። እጁን መልሶ ላቡን ጠረገበት።

"ይቅርብኝ፤ ጎኔን ይወጋኛል" አላት።

"ጎንህን የሚወጋህ ውሃው ሳይሆን ይሄ ሰውዬ ነው!" ብላ አፈጠጠችብኝ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ ደግሞ እንዳሸነፈ ሰው ደረቴን ነፋሁ።

እየቆየ ራሱን ያመው ጀመር። ባቱ ይኮማተርበታል። አንድ እሁድ ወንበሩ ላይ እያለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሯል፤ ምን ይመስልሃል?" አለኝ። ሐኪሙን አገኘ! "ቆሻሻው እየወጣልህ ነው፤ በርታ" አልኩት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

የሐኪሟ ቀጠሮ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ደረቁ ወር ገብቶ ስለነበር ገና በጠዋቱ ይሞቃል። ያን ዕለት ሁለት ዙር ጨመርኩለት፤ ፈተናው ስለደረሰ ብዬ። ሲጨርስ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ላብ አልነበረውም። እኔ ይህን እንደ ጥንካሬ ቆጠርኩት። "አየህ፣ ሰውነትህ ለመደ!" ብዬ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩትና ወደ ሥራው ሄደ።

የቀረውን የሰማሁት ከምልክት ሰጪው ነው። ምልክት ሰጪ ማለት ከታች ቆሞ ጭነቱን የሚያስር፣ ከዚያ በሬዲዮ ወዴት እንደሚሄድ ለላይኛው ሰው የሚነግር ሠራተኛ ነው። ይሄኛው ከሰማይ ቤት ጋር አራት ዓመት ሠርቷል። "ጆሮዬ ላይ አራት ዓመት ኖሯል" አለኝ፤ "ግን አንድም ቀን አብረን ሻይ ጠጥተን አናውቅም። እሱ ሲወርድ እኔ ሄጃለሁ።"

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። አንድ እስር የፌሮ ብረት ተነስቶ በአየር ላይ ነው፤ ከሥሩ ባይሆንም አጠገቡ ሰዎች አሉ። ምልክት ሰጪው "ወደ ግራ" አለ። የክሬኑ ክንድ ዞረ። "ዝቅ" አለ። አልወረደም። ፌሮው እንደተንጠለጠለ ቆመ።

"ሰማይ ቤት፣ ዝቅ። ይሰማል?"

ሁለተኛ ጠራው። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ የሰውዬውን ድምፅ የማይመስል።

"ጠማኝ።"

"መጀመሪያ አልገባኝም ነበር" አለኝ ምልክት ሰጪው። "አራት ዓመት ከእሱ የሰማሁት 'እሺ'ና 'ተቀበልኩ' ብቻ ነው። እንደ ሰው ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ደግሜ ምን አልክ ስለው፣ 'ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፣ ዓይኔም ጭጋግ አለበት፤ ሰዎቹን አርቅልኝ' አለኝ።"

ሰዎቹን አራቀ። ከዚያ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ሸሚዙ ውስጥ ከቶ መሰላሉን ያዘ። ከፍታ የሚፈራ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው እታች መሥራት የመረጠው። ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ደርሶ በሩን ሲከፍት ሰማይ ቤት ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ቀብሮ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ ተኮማትረው አይዘረጉም። ጠርሙሱን መያዝ ስላልቻለ በክዳኑ እየቀዳ እንደ ሕፃን አጠጣው። ክፍሏ ሁለት ሰው አትይዝም፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጪ ሆኖ።

"ከዚያ ትክ ብሎ አየኝና ምን አለኝ መሰለህ?" አለኝ ምልክት ሰጪው። "'ወጣት ትመስለኝ ነበር' አለኝ። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።"

አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆዩ። ጣቶቹ ሲፈቱለት መሐንዲሱ በሬዲዮ ውረድ ቢለውም እምቢ አለ። "ጭነት ሰቅዬ አልወርድም" አለ። ምልክት ሰጪው ከጀርባው እንደቆመ ፌሮውን ቀስ አድርጎ አውርዶ መሬት ላይ አሳረፈው። ከዚያ መሰላሉን እርከን በእርከን ወረዱ። በሕይወቱ የመጨረሻው ጭነት ያ ነበር።

ወሬውን ሰምቼ ሆስፒታል ስደርስ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ ተኝቷል። ያቺው የምትፈርመው ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። የልጄ እኩያ የምትሆን፣ የደከማት ሴት ናት።

"ዘመድ ነዎት?" አለችኝ።

"ጎረቤቱ ነኝ።"

"እሳቸው ጠዋት ሲሮጡ ምንም ውሃ አይጠጡም ነበር እንዴ?"

"ጎኑን... ጎኑን ይወጋዋል ተብሎ ነው" አልኳት።

"በአንድ ጊዜ ጨልጦ ለሚሮጥ ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ጉንጭ ጉንጭ ነው። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠጣ አድሮ ስለሚነሳ ከመሮጡ በፊት አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ መሐል ላይ ትንሽ ትንሽ፣ ሲጨርስ ደግሞ ላቡን እስኪተካ። ከባድ ነገር አይደለም።"

"ኩላሊቱ ስለደከመ እንዲያርፍ ነው እኮ..."

"ኩላሊት የሚደክመው ውሃ ሲያጣ ነው።" መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። "ማን ነው እንደዚህ ያላቸው?"

"ሰው ነው" አልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያወራ የኖረ አፍ፣ አንድ ቃል እውነት መናገር አቃተው።

አልፈረመችም። ኩላሊቱ እንደ ምንም ተረፈ፤ ከፍታ ላይ መሥራት ግን ከእንግዲህ የለም አለች። መሥሪያ ቤቱ አልጨከነበትም፤ ግቢው ጥግ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ መሣሪያ እንዲያድል አስቀመጠው። ጠዋት መዶሻና ጉጠት ይሰጣል፣ ማታ ይረከባል። በመሐሉ ቀኑን ሙሉ ሰው በበሩ ሲያልፍ ያያል። የፈራው ነገር ደረሰበት፤ ያደረስኩበትም እኔ ነኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ተደበቅኩ። ፊቱን የማይበት ዓይን አጣሁ። ጠዋት ለስፖርት ስወርድ በሁለተኛው ፎቅ በኩል ስለማልፍ፣ እንዳይሰማኝ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ በካልሲ እወርድ ነበር። እሁድ እሱ የሚመጣበትን ሰዓት አስልቼ ሱቄን እዘጋለሁ። ፎጣዬንም እዚያው ውስጥ አራግፋለሁ። ክሬኑ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሜዳ ላይ ጫማ ሻጯ ዞር ብላም አታየኝም፤ ጠርሙሷን ለሁሉም ታዞራለች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ግን ታልፈኛለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ተነሳችብኝ። "ለምክር ሲሆን የሚቀድምህ አፍ፣ ለይቅርታ ሲሆን ተሰፋ? ሂድና ሰውዬውን አናግረው!" ብላ በሩን ከፍታ ቆመችልኝ። እሁድ ከሰዓት ነበር። አንድ ፎቅ ወረድኩ። አሥራ ስምንት ደረጃ ናት፤ የእሱን መሰላል ያህል ረዘመችብኝ።

በሩን ከፈተልኝና ምንም ሳይል ገለል አለ። ክፍሉን ከደፍ አልፌ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። አልጋው በደንብ ተነጥፏል። አንድ ወንበር አለ፤ እሱን ለእኔ ሰጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፂሙ አድጓል፤ ራሱ ለመላጨት ሞክሮ ጉንጩን ቆርጦታል።

"ሥራህን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ" አልኩት። መንገዱን ሳላሳምር፣ በአንድ ትንፋሽ። "ውሃ አትጠጣ ያልኩህ እኔ ነኝ። የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው አወራሁ። ሐኪሟ ነገረችኝ። እሷ ብትነግርህ ኖሮ..."

"ነግራኛለች" አለኝ።

ከራስጌው መሳቢያ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ያን ሐሙስ ወደ ሱቄ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ነው። በሐኪሟ እጅ የተጻፈ። አንደኛው መስመር ስለ ውሃ ነው፤ ከስፖርት በፊት ይህን ያህል፣ በስፖርት መሐል፣ ከስፖርት በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ፤ ሥራ ቦታ ወርደው የሚጠጡበት ሰዓት እንዲሰጣቸው ብላ ለመሥሪያ ቤቱም ጽፋለታለች። ስፖርቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ይሄ እያለህ እኔን አመንክ?"

"አላመንኩህም" አለኝ። በረጋ ድምፅ ነው የተናገረው፤ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልጠጣህም?"

"ብጠጣ ትቀየመኛለህ ብዬ ነው" አለ። "ደንቡን ካፈረስኩ ከእንግዲህ አልጠራህም ብትለኝስ አልኩ። ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ በሬ ላይ መጥቶ 'ተነስ፣ እንሂድ' ያለኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ለሦስት ወር ነው፣ እችለዋለሁ አልኩ።"

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት።

"ሥራውስ ይሁን" አለኝ። "እሱንም እየለመድኩት ነው። ግን ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ በየጠዋቱ ለባብሼ እዚህ ቁጭ እላለሁ። ስትወርድ ይሰማኛል። ጫማህን አውልቀህ ነው የምትወርደው። ቢሆንም ይሰማኛል።"

አለቀስኩ። በስተርጅና፣ በሰው ቤት፣ አንዲት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ምን እንደሚያደርገኝ ጨንቆት ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ ቧንቧው ጋ ሄዶ በብርጭቆ ውሃ ቀድቶ አመጣልኝ።

"መጀመሪያ አንተ ጠጣ" አልኩት።

ጠጣ። ብርጭቆው አንድ ብቻ ስለነበር እስኪጨርስ ጠበቅኩት።